ንድፍ መቼ ነው ምርምር የሚሆነው? የአሜሪካ የምርምር ክሬዲትና የዲዛይን ድርጅቶች

በጁላይ 4፣ 2025 በአሜሪካ የተፈረመው ሰፊ የግብር ሕግ ለምርምር የሚወጣ ገንዘብ የሚያዝበትን መንገድ ቀይሯል። ለውጡ የአርክቴክቸርና የኢንጂነሪንግ ዲዛይን ድርጅቶችንም ይነካል። በዚህ ምክንያት አንድ የቆየ ክርክር እንደገና ደምቋል። የግብር አማካሪዎች ለእነዚህ ድርጅቶች የሚያሰሙት መልእክት ባጭሩ «ሕንፃ የምትነድፉ ከሆነ ተመራማሪዎች ናችሁ፣ ገንዘባችሁን አስመልሱ» የሚል ነው። ፍርድ ቤቶች ግን በቅርብ ዓመታት የምርምር ክሬዲት የሚባለውን ይህንኑ የግብር ቅናሽ የጠየቁ የኢንጂነሪንግ ድርጅቶችን ባዶ እጃቸውን መልሰዋል። አንዱን እንዲያውም ቅጣት ጨምረውበታል።

ታዲያ ማን ነው ትክክል? ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ። ሕጉ ለዲዛይን ድርጅቶች በሩን ከፍቷል። በሩ ላይ ግን ሁለት ወረቀት ይጠየቃል። አንዱ ከደንበኛው ጋር የተፈረመው ውል ነው። ሌላው ሥራው በሚሠራበት ወቅት የተያዘው መዝገብ ነው። ብዙዎቹ ክርክሮች የሚወድቁት እነዚህ ሁለት ወረቀቶች ላይ ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

## ክሬዲትና ተቀናሽ ወጪ

በወሬ ደረጃ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ተቀናሽ ወጪ ግብር ከሚሰላበት ገቢ ላይ ይነሳል። 21 በመቶ የፌዴራል ግብር የሚከፍል ኮርፖሬሽን 100 ዶላር ተቀናሽ ቢያገኝ የሚተርፈው 21 ዶላር ነው። ክሬዲት ግን የሚነሳው ከራሱ ከግብሩ ላይ ነው። 100 ዶላር ክሬዲት 100 ዶላር ነው።

የምርምር ክሬዲቱ የመጣው በ1981 ነው። ያኔ ጊዜያዊ ነበር። ኮንግረስ ሊያበቃ ሲል እያራዘመ፣ አንዳንዴም ካበቃ በኋላ እየመለሰ፣ 34 ዓመት አቆየው። በዲሴምበር 2015 ቋሚ ሆነ። በግብር ሕጉ ውስጥ አንቀጽ 41 ይባላል።

ስሌቱ ከአንድ በላይ መንገድ አለው። ብዙዎች የሚመርጡት ቀለል ያለውን ነው። የዘንድሮው የምርምር ወጪ ይወሰዳል። ያለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ ወጪ ግማሹ ከእሱ ላይ ይቀነሳል። የቀሪው 14 በመቶ ክሬዲት ይሆናል። አንድ ድርጅት ዘንድሮ 1,000,000 ዶላር አወጣ እንበል። ያለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ 800,000 ነው። 400,000 ይቀነሳል፣ 600,000 ይቀራል፣ ክሬዲቱ 84,000 ዶላር ይሆናል። አንድን ወጪ ሁለት ጊዜ መጠቀም ስለማይፈቀድ ግን ምርጫ አለ። ወይ ተቀናሽ ወጪው በክሬዲቱ ልክ ዝቅ ይላል፣ ወይ ኮርፖሬሽኑ ከክሬዲቱ 79 በመቶውን ብቻ ይወስዳል። በዚህ ምሳሌ 66,360 ዶላር ማለት ነው።

በዲዛይን ቢሮ የምርምር ወጪ ማለት በዋናነት ደመወዝ ነው። ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ይፈጃል። ቢሮ የሚፈጀው የሰው ሰዓት ነው። ውጭ ላለ ባለሙያ የተከፈለ ገንዘብ፣ ለምሳሌ የነፋስ ግፊት ለሚፈትሽ ተቋም፣ በአብዛኛው 65 በመቶው ብቻ ይቆጠራል። ሥራው ደግሞ በአሜሪካ ምድር የተሠራ መሆን አለበት። ሕንፃው ኒው ዮርክ የሚቆም ቢሆን እንኳ ንድፉን የሠራው ባሕር ማዶ ያለ ቅርንጫፍ ከሆነ ያ ደመወዝ አይገባም። ብዙ የዲዛይን ድርጅቶች የሽርክና ወይም መሰል አደረጃጀት ስላላቸው፣ ክሬዲቱ በቀጥታ ወደ ባለቤቶቹ የግል የግብር ማስታወቂያ ያልፋል። ስለዚህ ምርመራ ሲመጣ የሚያንኳኳው የሸሪኮቹን በር ጭምር ነው።

## ቤተ ሙከራ የሌለው ምርምር

ሕጉ አራት ነገር ይጠይቃል። ሥራው የአንድን ነገር አገልግሎት፣ ብቃት፣ አስተማማኝነት ወይም ጥራት ለማሻሻል የተሠራ መሆን አለበት። በኢንጂነሪንግ ወይም በተፈጥሮና በኮምፒዩተር ሳይንስ ላይ መመሥረት አለበት። ሲጀመር ያልታወቀ ነገር መኖር አለበት። ያንን ለማወቅም አማራጮች ተፈትሸው መሆን አለበት።

ለዲዛይነሮች በሩን የከፈተው ሦስተኛው ነው። ደንቡ «ያልታወቀ» የሚለው ሦስት ዓይነት ጥያቄን ነው። ይቻላል ወይ? በምን መንገድ ይቻላል? ተስማሚው ንድፍ የትኛው ነው? ሕንፃ መቆም እንደሚችል ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን ለስላሳ አፈር ላይ፣ ከጎኑ አሮጌ ግድግዳ ባለበት፣ ከሥሩ ባቡር በሚያልፍበት ቦታ የትኛው መሠረት እንደሚሆን አስቀድሞ ላይታወቅ ይችላል። ይህ ሕጉ የሚቀበለው ጥያቄ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ረድቷል። የግምጃ ቤቱ የቀድሞ ደንብ ግኝቱ ከሙያው ጠቅላላ እውቀት በላይ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። በ2004 መጀመሪያ የወጣው የመጨረሻ ደንብ ይህን ተወው። አሁን የሚታየው ድርጅቱ ራሱ በእጁ የነበረው መረጃ ነው። ጎረቤት ያለው ተፎካካሪ መልሱን አስቀድሞ ቢያውቀውም አይከለክልም። በእኔ እይታ የአማካሪዎቹ ማስታወቂያ ጉልበት ያገኘው ከዚህች ለውጥ ነው።

ለአርክቴክት ግን እዚህ ጋ መራራ ነገር አለ። ሕጉ ለስታይል፣ ለጣዕምና ለመልክ ተብሎ የሚሠራን ሥራ በግልጽ አስወጥቷል። አርክቴክቱ የሕንፃውን ፊት ለማሳመር ሦስት ሳምንት ቢደክም አንዲት ሰዓት አትቆጠርለትም። ያው ሰው ለዚያው ፊት የመስታወቱን ዓይነትና የጥላ መከላከያውን ማዕዘን እየቀያየረ የሚገባውን ሙቀት ቢፈትሽ ሊቆጠርለት ይችላል። ጠረጴዛው አንድ ነው፣ ሥዕሉም አንድ ነው። የግብር ውጤቱ ግን ለየቅል ነው። ጥሩ አርክቴክት ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚያስበው፤ ሕጉ እንዲለያይ ያስገድደዋል።

ሕንፃው በሙሉ መስፈርቱን ካላሟላ ወደ ክፍሉ መውረድ ይቻላል። ጣሪያው ብቻ፣ ወይም መሠረቱ ብቻ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ለተመረጠው ክፍል ከተሠራው የምርምር ሥራ ቢያንስ 80 በመቶው የመፈተሽ ሂደት አካል መሆን አለበት። ሊትል ሳንዲ ኮል በሚባለው የ2023 ጉዳይ የሰባተኛው ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት (የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው በአካባቢ በምድብ የተከፈሉ ናቸው) የመርከብ ሠሪውን ክሬዲት ውድቅ ያደረገው ይህ ድርሻ በማስረጃ ስላልታየ ነው። መርከቡ አዲስ ንድፍ መሆኑ ብቻውን አላዳነውም።

## ቢከሽፍ ማን ይከፍላል?

ለዲዛይን ድርጅቶች ዋናው እንቅፋት ሌላ ቦታ ነው። ሕጉ «የተደገፈ ምርምር» የሚለውን ከክሬዲቱ ያስወጣል። የተደገፈ ማለት ወጪውን ሌላ ሰው የሸፈነው ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምርምሩን የከፈለበት ደንበኛው ከሆነ መንግሥት ለዲዛይነሩ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። የዲዛይን ድርጅት ደግሞ ተፈጥሮው ለሌላ ሰው መሥራት ነው። እያንዳንዱ ንድፍ ደንበኛ አለው፣ ደንበኛውም ይከፍላል።

መለያው ጥያቄ የመጣው ከአውሮፕላን ነው። ፌርቻይልድ የተባለው ኩባንያ ለአሜሪካ አየር ኃይል ቲ-46 የማሠልጠኛ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። አየር ኃይሉ በየጊዜው ይከፍለዋል። ግን ውጤቱ ከተጠየቀው መለኪያ ጋር ካልገጠመ ክፍያው የኩባንያው አይሆንም። በ1995 የፌዴራል ምድብ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሚታየው ገንዘቡ መቼ እንደተከፈለ ሳይሆን ምርምሩ ቢከሽፍ ወጪው የማን እንደሚሆን ነው አለ። ፌርቻይልድ ረታ።

ከዚያ ወዲህ ይህ ጥያቄ እያንዳንዱን የዲዛይን ውል ይከተላል። ሁለተኛ ጥያቄም አለ። ድርጅቱ በምርምሩ ውጤት ለመጠቀም ተጨባጭ መብት ይኖረዋል ወይ? በዚህ በኩል አርክቴክቶች ብዙ ጊዜ ይሻላቸዋል። የአሜሪካ የአርክቴክቶች ማኅበር በሚያዘጋጃቸው የተለመዱ ውሎች የንድፉ የቅጂ መብት ከአርክቴክቱ ጋር ይቆያል። ንድፉን ሙሉ በሙሉ ለደንበኛው የሚያስረክብ ውል የፈረመ ግን አደጋ ላይ ነው።

የሚያከራክረው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። በሰዓት የሚከፈል ሥራ አይሆንም። ንድፉ ቢሳካም ባይሳካም ሰዓቱ ይከፈላልና። ጂኦሲንቴክ የተባለው የኢንጂነሪንግ አማካሪ ጉዳይ ይህን አጥርቶታል። በቁርጥ ዋጋ የተፈረሙት ውሎች የተደገፉ አይደሉም ተባለ። ወጪን እየተካ፣ ጣሪያ ተበጅቶለት የሚከፈለው ውል ግን የተደገፈ ነው ተባለ። የአስራ አንደኛው ምድብ ፍርድ ቤት በ2015 ይህን አጸና። በ2019 ደግሞ በስታዲየም ንድፍ የሚታወቀው ፖፑለስ የግብር ፍርድ ቤቱ ዘንድ ረታ። ዳኛው የቀረቡትን የቁርጥ ዋጋ ውሎች አይቶ ምርምሩ የተደገፈ አይደለም አለ። የዲዛይን ዓለሙ በዚህ ውሳኔ ብዙ ተስፋ ጣለ።

ተስፋው በ2024 ተሰበረ። ሜየር ቦርግማን ኤንድ ጆንሰን የሚኒያፖሊስ የስትራክቸር ኢንጂነሪንግ ድርጅት ነው። ውሎቻችን የግንባታ ኮድንና ደረጃዎችን እንድናሟላ ያስገድዱናል፣ ካላሟላን ክፍያ አናገኝም ሲል ተከራከረ። የስምንተኛው ምድብ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። ጥሩ ሥራ ይሠራ የሚል ጠቅላላ አንቀጽ ክፍያውን በስኬት ላይ አያንጠለጥለውም አለ። ውሉ ክፍያንና የምርምሩን ስኬት በግልጽ ማሰር ነበረበት። የዲዛይን ድርጅቶች ውል በአብዛኛው ይህን አያደርግም።

## መድን ሰጪው የሚወደው አንቀጽ

ለምን አያደርግም? እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በክርክሩ ብዙም የማይነሳው ይህ ነውና።

የዲዛይን ውል ውስጥ «የሙያ ጥንቃቄ ደረጃ» የሚባል አንቀጽ አለ። አርክቴክቱ ወይም ኢንጂነሩ እንደ እሱ ያለ ባለሙያ በዚያ ሁኔታ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ካደረገ ግዴታውን ተወጥቷል ይላል። ፍጹም ውጤት ዋስትና አይሰጥም። ይህ አንቀጽ እንዲሁ አልተጻፈም። የሙያ ኃላፊነት መድን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው ቸልተኝነትን ነው። ባለሙያው ከዚያ አልፎ በውል ዋስትና ከሰጠ፣ በዚያ ዋስትና የመጣበትን ዕዳ መድን ሰጪው ላይሸፍን ይችላል። ስለዚህ የድርጅቱ ጠበቃም መድን ሰጪውም ውጤትን ዋስትና የሚያደርግ ቃል እንዲወጣ ይወተውታሉ።

አሁን የግብሩን ጥያቄ መልሳችሁ አምጡት። ቢከሽፍ ማን ይከፍላል? በዚህ አንቀጽ መሠረት ባለሙያው ተገቢውን ጥንቃቄ ካደረገ፣ ንድፉ የታሰበውን ያህል ባይሠራም ክፍያው ይገባዋል። እንግዲህ ከክስ የሚጠብቀው አንቀጽ ከክሬዲቱ ያርቀዋል። ክሬዲቱን የሚያቀርበው አንቀጽ ደግሞ ያለ መድን ያስቀረዋል። ለጥቂት አሥር ሺህ ዶላር ክሬዲት ብሎ ሚሊዮኖች የሚያስጠይቅ ዋስትና መፈረም ለማንም አይመከርም።

መሀል መንገድ የለም ማለት አይደለም። በቁርጥ ዋጋ ተዋውሎ፣ ደንበኛው እያንዳንዱን ምዕራፍ መርምሮ ካልተቀበለው ክፍያ እንደማይለቀቅ፣ ጉድለት ከተገኘም ድርጅቱ በራሱ ወጪ እንደገና እንደሚነድፍ መጻፍ ይቻላል። ይህ ለደንበኛው ውጤትን ዋስትና ከመስጠት ይለያል። ፍርድ ቤቱን ማርካቱ ግን በቃላቱ ላይ ይወሰናል። ውል የሚጽፈው ጠበቃና የግብር ባለሙያው ከፊርማ በፊት መነጋገር አለባቸው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ውሉን ማንበብ ለዚህ አይረዳም።

## ማስላት መሞከር ነው ወይ?

የውሉን ፈተና ያለፈ ሰው ሌላ ይጠብቀዋል። ፊኒክስ ዲዛይን ግሩፕ የዊስኮንሲን ድርጅት ነው። ለሕንፃዎች የሜካኒካል፣ የኤሌክትሪክ፣ የሳኒተሪና የእሳት መከላከያ ሥርዓት ይነድፋል። በዲሴምበር 2024 የግብር ፍርድ ቤቱ ክሬዲቱን ከለከለው። 20 በመቶ ቅጣትም ጨመረበት።

ድርጅቱ ያለው ይህን ነው። ሥራው ሲጀመር የሕንፃው ጭነት፣ የአየር መጠኑ፣ የቱቦው መጠን አይታወቅም። ደጋግመን እያሰላን እንደርስበታለን። ፍርድ ቤቱ ግን ከደንበኛው ጠይቆ ወይም ቁጥሩን አስገብቶ በሚታወቅ ቀመር የሚገኝ መልስ ሕጉ የሚለው «ያልታወቀ» ነገር አይደለም አለ። በእጅ ባለ መረጃ ማስላት አማራጭን መላ ምት አድርጎ እንደ መፈተሽ አይቆጠርም።

ውሳኔው ለብዙ ኢንጂነሮች ከብዷል። መከፋታቸውም ይገባኛል። የሆስፒታል ቀዶ ጥገና ክፍል የአየር ሥርዓት መንደፍ እጅግ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ግን ከባድ ሥራና ያልታወቀ ነገር አንድ አይደሉም። በኮዱ ሠንጠረዥ የአየር ለውጡን አንብቦ ማራገቢያውን መምረጥ ሙያ ነው። ጣሪያው ውስጥ ያለው ቦታ ጠብቦ የተለመደው ቱቦ አልገባ ሲል፣ ሦስት አቀማመጥ አውጥቶ የግፊት ብክነታቸውንና ድምፃቸውን አወዳድሮ፣ ሁለቱን ምክንያት ጽፎ መጣል ወደ ሕጉ ይጠጋል። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። በወረቀት ነው የሚታየው።

## የሰዓት መዝገቡ የማይናገረው

ወረቀቱ ታዲያ ምን ይላል? የዲዛይን ቢሮ ሠራተኛ በየሳምንቱ የሰዓት መዝገብ ይሞላል። መዝገቡ በሥራ ምዕራፍ የተከፈለ ነው። የመነሻ ንድፍ፣ የንድፍ ማጎልበቻ፣ የግንባታ ሰነድ፣ የግንባታ ክትትል ይላል። አንድ ኢንጂነር ማክሰኞ ዕለት «የንድፍ ማጎልበቻ፣ 6 ሰዓት» ብሎ ይጽፋል። ይህ ለደንበኛው ሒሳብ ለመላክ በቂ ነው። በስድስቱ ሰዓት ውስጥ የመሠረቱን አማራጭ ፈተሸ ወይስ የበር ቁጥር አስተካከለ፣ መዝገቡ አይነግርም።

ከሦስት ዓመት በኋላ አማካሪው ይመጣል። ሠራተኞችን ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል፣ የምርምር ድርሻቸውን በመቶኛ ይገምታል፣ ጥናት ብሎ ያቀርባል። ግምት ሁሉ ውድቅ ነው አይባልም። ግምቱ ግን በጊዜው በተጻፈ ነገር መደገፍ አለበት። የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ ውድቅ የተደረገ ስሌት፣ በኢሜይል የተደረገ ክርክር ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ቢሮ ግን የተጣለውን አማራጭ ያጠፋል፣ የመጨረሻውን ሥዕል ብቻ ያስቀምጣል። ለግብር መርማሪ የሚጠቅመው ደግሞ የተጣለው ነው።

## የአምስት ዓመቱ ጣጣና የ2025ቱ ሕግ

ይህ የዜናው ክፍል ነው። በ2017 የወጣ ሕግ ከ2022 ጀምሮ የምርምር ወጪ በዚያው ዓመት እንዳይቀነስ አደረገ። በአገር ውስጥ የተሠራው በ5 ዓመት፣ ውጭ አገር የተሠራው በ15 ዓመት ተከፋፍሎ ይቀነስ ተባለ። የመጀመሪያው ዓመት ደግሞ እንደ ግማሽ ስለሚቆጠር ለአገር ውስጡ የሚቀነሰው 10 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ኮርፖሬሽን 1,000,000 ዶላር አስገብቶ ያንኑ በሙሉ ለምርምር ደመወዝ አወጣ እንበል። እጁ ላይ ምንም የለም። የሚቀነስለት ግን 100,000 ነው። የቀረው 900,000 ትርፍ ተብሎ 189,000 ዶላር ግብር ይጠየቅበታል። ክሬዲት ለማግኘት ደግሞ ወጪው መጀመሪያ በዚህ ሕግ ሥር መያዝ ነበረበት። ሥራችን ምርምር ነው ማለት ሁለት ስለት ያለው ሆነ።

የ2025ቱ ሕግ የአገር ውስጡን ወደ ቀድሞው መለሰ። ከ2025 ጀምሮ በዚያው ዓመት መቀነስ ይቻላል። የውጭ አገሩ በ15 ዓመቱ ቀረ። ዓመታዊ ገቢያቸው በአማካይ ከ31 ሚሊዮን ዶላር የማይበልጥ ድርጅቶች ወደ 2022 ተመልሰው ማስተካከል ይችላሉ። የማስተካከያው ቀነ ገደብ ጁላይ 6፣ 2026 ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የተለመደው የሦስት ዓመት የተመላሽ ጥያቄ ገደብም አብሮ መሥራቱ ነው። የ2022 ማስታወቂያውን በኤፕሪል 2023 ያስገባ ሰው ጁላይን ቢጠብቅ ሊያልፍበት ይችላል።

ስለዚህ አዲሱ ሕግ ያሻሻለው ተቀናሽ ወጪውን ነው። የክሬዲቱን መስፈርት አላላላም። ማስታወቂያዎች ሁለቱን ሲያደባልቁ የሚሳሳተው አንባቢው ነው።

## ሁለቱ ወገኖች

ደጋፊዎች የሚሉት ውሃ ያነሳል። ሕንፃ ብዙ ኃይል ይበላል፣ ለመሬት መንቀጥቀጥና ለጎርፍ ይጋለጣል። የተሻለ ንድፍ ማኅበረሰቡን ይጠቅማል። ጥቅሙ ግን በሙሉ ወደ ዲዛይነሩ አይመለስም፤ ሌላው አይቶ ይቀዳዋል። ሶፍትዌር ሠሪ የሚያገኘውን ክሬዲት ኢንጂነር ለምን ይከለከላል?

ተቺዎች ደግሞ ክሬዲቱ የወጣው ሰው ያላሰበውን ምርምር እንዲያደርግ ለማበረታታት ነው ይላሉ። ሥራው ካለቀ በኋላ በአማካሪ ምክር የተጠየቀ ክሬዲት ምንም አላበረታታም። እኔ በዚህ ነጥብ ከተቺዎቹ ጋር ነኝ። ቢሮው ክሬዲቱ መኖሩን ሳያውቅ ከነደፈ፣ ክሬዲቱ ንድፉን አልለወጠውም። ነገር ግን ይህ የዲዛይን ድርጅቶች ብቻ ችግር አይደለም። ሕጉን ማጥበብ ካስፈለገም በሁሉም ላይ እኩል መሆን አለበት።

## ወደፊት የሚታየው

የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ አይአርኤስ፣ የክሬዲቱን ቅጽ አሻሽሏል። አዲሱ ክፍል ወጪውን በእያንዳንዱ የምርምር ውጤት ከፍሎ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ ከአነስተኛዎቹ በስተቀር ግዴታ እንዲሆን ታስቧል። መቶ ፕሮጀክት ላለው ቢሮ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የሰዓት መዝገቡን ከመቀየር ውጭ መውጫ አይታየኝም። ትናንሾቹ ወጪውና ክሬዲቱ አልመጣጠን ብሏቸው ሊተዉት ይችላሉ።

የመንግሥት ሕንፃ ለሚነድፉ ሌላም ለውጥ አለ። ኃይል ለሚቆጥብ ሕንፃ ዲዛይነሩ የሚያገኘው ተቀናሽ፣ አንቀጽ 179ዲ፣ ግንባታው ከጁን 30፣ 2026 በኋላ ለሚጀመር ሕንፃ ያበቃል። ያንን ያጡ ድርጅቶች ወደ ምርምር ክሬዲቱ ይበልጥ መዞራቸው አይቀርም።

ፍርድ ቤቶቹ ደግሞ ገና አልጨረሱም። የፖፑለሱ ውሳኔ የአንድ ዳኛ ትእዛዝ ነው፤ ሌሎችን አያስገድድም። የስምንተኛው ምድብ ውሳኔ የሚያስገድደው በምድቡ ውስጥ ያሉ ክፍለ ግዛቶችን ነው። በሌሎች ምድቦች ያለ ድርጅት ተመሳሳይ ውል ይዞ ቢቀርብ፣ የቁርጥ ዋጋ ብቻውን ይበቃል ወይስ ስኬት በግልጽ መጻፍ አለበት የሚለው ጥያቄ እንደገና ይከፈታል።